ተመልሶ የሚሰጥ ቁጥር፦ የኔትዎርክ ፋይል መለያ ታሪክና የእኛ መዝገብ ቤት

አንድ ሰው ወደ ሕግ መጻሕፍት ክፍል ገብቶ «አዋጅ ቁጥር 1ን ስጡኝ» ቢል፣ ሥራውን የሚያውቅ የመዝገብ ሠራተኛ ከመደርደሪያው ከማውጣቱ በፊት «የየትኛውን ዘመን?» ብሎ መልሶ መጠየቁ አይቀርም። በመስከረም 1967 ዓ.ም. ጊዜያዊውን ወታደራዊ መንግሥት ያቋቋመው አዋጅ ቁጥሩ 1 ነው፤ በነሐሴ 1987 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክን ሕገ መንግሥት በሥራ ላይ ያዋለውም ቁጥሩ 1 ነው። ሥርዓተ መንግሥቱ ሲለወጥ ቆጠራው እንደገና ከአንድ ስለ ጀመረ፣ ቁጥሩ ብቻውን ሕጉን ከሕግ አይለይም። ስለዚህም አንዱ 1/1967፣ ሌላው 1/1987 ተብሎ ከቁጥሩ ጎን ዓመቱ ይጻፋል።

ዓመቱም ብቻ አይበቃም። እኔ ባደግሁበት በሐብሩ ወረዳ ገበሬው ስለ መሬቱ ሲከራከር ለብዙ ዓመታት ይጠቀስለት የነበረው ሕግ የአማራ ክልል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 133/1998 ነበር፤ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 252/2009 ተተክቷል። የፌዴራሉ ነጋሪት ጋዜጣም የራሱ 133ኛ አዋጅ አለው፤ ጉዳዩም የተለየ ነው። እንግዲህ አንድን ሕግ ሳይሳሳቱ ለመጥቀስ ሦስት ነገር ያስፈልጋል ማለት ነው፦ የየትኛው ምክር ቤት እንደ ሆነ፣ ስንተኛ ቁጥር እንደ ሆነና በየትኛው ዓመት እንደ ወጣ። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ጠበቃውም ዳኛውም በሌላ ሰው ሕግ ሊከራከሩ ይችላሉ።

ይህን የማነሣው የሕግ ባለሙያ ሆኜ አይደለም። ሙያዬ ኮምፒዩተር ነው። ነገር ግን በኔትዎርክ የሚሠሩ የፋይል ሥርዓቶች እ.ኤ.አ. በ1985 ያጋጠማቸውን ጭንቅና ያገኙትን መፍትሔ ለሌላ ሙያ መሐንዲስ ለማስረዳት ስሞክር፣ ከዚህ የአዋጅ አጠቃቀስ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። መፍትሔው ሦስት ክፍል ነበረው፤ ሦስቱም ክፍሎች ከላይ ያልኋቸው ናቸው።

ነገሩ ከሥሩ እንዲታይ ከአንድ ማሽን እንጀምር። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በቤል ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ የሠሩት ዩኒክስ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም አንድን ፋይል በሁለት መንገድ ያውቀዋል። ስሙ ለሰው የተሰጠ መጠሪያ ነው፤ በማውጫው ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ማሽኑ ግን ፋይሉን የሚያውቀው አይኖድ በሚባል የመዝገብ ቅጽ ቁጥር ነው። የፋይሉ መጠን፣ ባለቤቱ፣ በዲስኩ ላይ የተቀመጠበት ስፍራ ሁሉ በዚያ ቅጽ ላይ ይሰፍራል። በቀደሙት ዩኒክሶች የማውጫው እያንዳንዱ መስመር 16 ባይት ብቻ ነበረ፤ 14ቱ ለስም፣ 2ቱ ለአይኖዱ ቁጥር ነበሩ። በሁለት ባይት ከ65,535 በላይ መቁጠር አይቻልም። ስለዚህ ፋይል ሲሰረዝ ቁጥሩ ወደ ነጻዎቹ ዝርዝር ይመለሳል፤ ቀጥሎ ለሚፈጠር ፋይልም ይሰጣል። ተከራይ ሲወጣ ሌላ ተከራይ እንደሚገባበት ክፍል መሆኑ ነው። ይህም ቁጠባ እንጂ ስሕተት አልነበረም።

በአንድ ማሽን ውስጥ ጉዳት የማይደርሰው ለምንድን ነው? ማሽኑ ፋይሉን ማን ከፍቶ እንደ ያዘ ስለሚያውቅ ነው። አንድ ፕሮግራም ፋይል ከፍቶ ሳለ ሌላው ቢሰርዘው፣ ስሙ ከማውጫው ይጠፋል እንጂ አይኖዱ አይለቀቅም፤ የመጨረሻው ያዥ እስኪዘጋው ድረስ ይጠበቃል። በደንብ የሚሠራ መዝገብ ቤትም እንዲሁ ነው፤ ፋይል የወሰደ ሰው ፈርሞ ስለሚወስድ፣ ፊርማው ሳይሰረዝ የፋይሉ ቁጥር ለሌላ ጉዳይ አይሰጥም።

ችግሩ የመጣው ፋይሉ በአንድ ቤት፣ ተጠቃሚው በሌላ ቤት ሲሆን ነው።

ሰን ማይክሮሲስተምስ እ.ኤ.አ. በ1982 በካሊፎርኒያ የተቋቋመ ኩባንያ ነበር። የሚሸጠው በየጠረጴዛው የሚቀመጥ የሥራ ኮምፒዩተር ሲሆን፣ ዲስክ በዚያ ጊዜ ውድ ስለ ነበረ ብዙ ማሽኖች የአንድ ሰርቨርን ዲስክ በኔትዎርክ እንዲካፈሉ ማድረግ አስፈለገ። ይህን የሠሩት መሐንዲሶች ራስል ሳንድበርግ፣ ዴቪድ ጎልድበርግ፣ ስቲቭ ክላይማን፣ ዳን ዋልሽና ቦብ ላየን እ.ኤ.አ. በ1985 በፖርትላንድ፣ ኦሪገን በተደረገው የዩዜኒክስ የበጋ ጉባኤ ላይ ያቀረቡት ጽሑፍ ለዚህ ታሪክ ዋናው ምስክር ነው። የሥርዓቱ ስም ኔትዎርክ ፋይል ሲስተም፣ በአጭሩ ኤን ኤፍ ኤስ ተባለ።

እነዚህ ሰዎች የወሰኑት ትልቁ ውሳኔ ሰርቨሩ ስለ ደንበኞቹ ምንም ማስታወሻ እንዳይዝ ነው። ማን ምን ከፍቷል፣ ማን የት ድረስ አንብቧል የሚል መዝገብ የለውም። እያንዳንዱ ጥያቄ የሚያስፈልገውን ሁሉ ራሱ ይዞ ይመጣል፤ ሰርቨሩ ይመልሳል፤ መልሶም ይረሳል። ይህ ስንፍና ሊመስል ይችላል፤ ምክንያቱ ግን ብልህ ነበር። ሰርቨሩ መብራት ጠፍቶበት ወይም ተበላሽቶ ቢወድቅ፣ ሲነሣ የሚያስታውሰው ነገር ስለሌለ የሚጠፋበትም ነገር የለም። ደንበኛው ጥያቄውን እየደጋገመ ይጠብቃል፤ ሰርቨሩ ሲመለስ መልሱን ያገኛል፤ ከመዘግየቱ በቀር ምንም እንዳልሆነ ይቀጥላል። በወልድያ ሆኖ የሠራ ሰው መብራት በቀን ስንት ጊዜ ሄዶ እንደሚመጣ ስለሚያውቅ፣ የዚህን ውሳኔ ዋጋ ከካሊፎርኒያ ሰዎች ይበልጥ የሚረዳው ይመስለኛል።

ሆኖም ማስታወሻ የማይዝ ሰርቨር ፋይሉን ማን እንደ ያዘው ስለማያውቅ፣ «የመጨረሻው ያዥ እስኪዘጋው እጠብቃለሁ» ማለት አይችልም። ለደንበኛው አንድ መያዣ ይሰጠዋል፤ በእንግሊዝኛው ፋይል ሃንድል ይሉታል። ደንበኛው መያዣውን ለአንድ ደቂቃም ለአንድ ወርም ሊያቆየው ይችላል፤ ሰርቨሩ በመካከሉ ሦስት ጊዜ ወድቆ ቢነሣም መያዣው እንደ ጸና ይኖራል። እዚያ ላይ ነው አደጋው። በመያዣው ውስጥ ያለው የአይኖድ ቁጥር ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ፋይሉ ተሰርዞ ቁጥሩ ለሌላ ፋይል ከተሰጠ በኋላ የቀድሞው ደንበኛ በአሮጌው መያዣ መጥቶ የሌላ ሰው ፋይል ያነብ፣ ከዚያም የከፋ በሌላ ሰው ፋይል ላይ ይጽፍ ነበር። ሁለቱም ወገኖች ምንም ስሕተት አላዩም፤ ማሽኑም የታዘዘውን አድርጓል።

የሐብሩን ገበሬ እዚህ ላይ ላስገባው። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል የገጠር መሬት ሲመዘገብ ለባለ ይዞታው ደብተር ይሰጠዋል። ደብተሩን መርሳ ወስዶ በሣጥን ይቆልፍበታል እንጂ በየወሩ ለጽሕፈት ቤቱ አያሳይም። ልጆቹ አድገው ይካፈላሉ፤ ጎረቤት ይለዋወጣል፤ ጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ይቀይራል። ከዐሥር ዓመት በኋላ ደብተሩ ከሣጥን ወጥቶ ወደ መዝጋቢው ጠረጴዛ ሲመለስ፣ በላዩ የተጻፈው ቁጥር ያኔ ያመለከተውን መሬት ዛሬም ያመለክታል ወይ? አንዴ ከቤት የወጣ ቁጥር ተመልሶ እንዲጠፋ ማዘዝ አይቻልም፤ የሚቻለው ቁጥሩ ሲመጣ ያው የቀድሞው መሆን አለመሆኑን መለየት ብቻ ነው።

የሰን መሐንዲሶች ያደረጉትም ይህንኑ ነው። በዲስኩ ላይ ባለው በእያንዳንዱ አይኖድ ውስጥ አንድ ተጨማሪ ቁጥር አስገቡ፤ የትውልድ ቁጥር ልንለው እንችላለን፤ እነርሱም የሰጡት ስም ይኸው ነው። አይኖዱ በተለቀቀ ጊዜ ሁሉ የትውልድ ቁጥሩ በአንድ ከፍ ይላል። ለፋይል ሥርዓቱም ራሱን የቻለ መለያ ሰጡት። ከዚያም የሰርቨሩ መያዣ የፋይል ሥርዓቱ መለያ፣ የአይኖዱ ቁጥርና የትውልድ ቁጥሩ አንድ ላይ ሆነው የሚሠሩት ሆነ። ይህም «የአማራ ክልል፣ 133፣ 1998» ከማለት አይለይም። መያዣው 32 ባይት ነበረ፤ ደንበኛው በውስጡ ያለውን እንዲመረምር አልተፈቀደለትም፤ የታሸገ ፖስታ እንደ ተቀበለ ሁሉ እንዳለ መልሶ ማቅረብ ብቻ ነበር ሥራው። ፖስታው ሲመጣ ሰርቨሩ ይከፍተዋል፤ በአይኖዱ ላይ ያለውን ትውልድ ከፖስታው ጋር ያስተያያል፤ ካልተስማሙ ፋይል አይሰጥም። የሚሰጠው የስሕተት ቁጥር 70 ነው፤ ትርጉሙም «ይህ መያዣ ጊዜው አልፎበታል» ማለት ነው። ኤን ኤፍ ኤስ ሁለተኛው ዕትም በመጋቢት 1989 እ.ኤ.አ. አር ኤፍ ሲ 1094 በሚል ሰነድ ሲታተምም ይኸው ቁጥር ተመዝግቧል።

ብዙ የኮምፒዩተር ባለሙያ ይህን የስሕተት መልእክት ይጠላዋል። እኔም ተማሪ ሳለሁ እጠላው ነበር። ሥራ ይቋረጣል፤ ዲስኩን ነቅሎ እንደገና ማገናኘት ያስፈልጋል። ነገር ግን መልእክቱ ሲመጣ ሰርቨሩ «የምትፈልገው ሰው ከዚህ ቤት ለቋል፤ አሁን ያለውን ግን አላስደፍርብህም» እያለ ነው።

በነገራችን ላይ የየጁ ሰው ለትውልድ ቁጥር እንግዳ አይደለም። በዘመነ መሳፍንት በጎንደር እንደራሴ ሆነው ከገዙት የየጁ መሳፍንት ሁለቱ ስማቸው ዓሊ ነው። ቀዳሚው ራስ ዓሊ ጓንጉል እ.ኤ.አ. በ1788 የሞቱት ናቸው፤ ተከታዩ በ1845 ዓ.ም. በአይሻል ጦርነት በካሣ ኃይሉ የተሸነፉት ራስ ዓሊ አሉላ ናቸው። ባላገሩ ታሪኩን ሲያወራ ቀዳሚውን «ትልቁ ዓሊ» ብሎ ይለየዋል፤ ጸሐፊዎቹም ቀዳማዊና ዳግማዊ ይላሉ። ስሙ ተመልሶ ተሰጠ፤ ከስሙ ጎን ግን ምልክት ተቀመጠ።

ምልክቱ ሲጎድል ምን እንደሚሆን በዓይኔ ያየሁት በ2014 ዓ.ም. ክረምት ነው። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ተይዛ በቆየችበት ወቅት ዩኒቨርሲቲውን ጨምሮ በርካታ መሥሪያ ቤቶች ኮምፒዩተሮቻቸውንና ሰነዶቻቸውን አጥተዋል። ሥራ ሲጀመር ያለው የነበረው በልግስና የመጣ፣ እዚህም እዚያም የተለቀመ ዕቃ ነበር። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ቢሮ፣ በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ትርፍ ዲስክ ሰክቶ ለሁሉም ሠራተኛ በኔትዎርክ ያካፍል ነበር። የሠራላቸው ሰው ሥራውን ፈጥኖ ነው የሠራው፤ እኔም በእርሱ ቦታ ብሆን ያንኑ ሳላደርግ እቀር ነበር ለማለት አልደፍርም።

ከመርሳ ተጠርቼ ስሄድ አንዲት በዕድሜ የገፉ የመዝገብ ሠራተኛ በር ላይ ተቀበሉኝ።

«ልጄ፣ ዝርዝሩን እኔ ጻፍሁት፤ ዐሥር ጊዜም መዝግቤ አስቀምጬዋለሁ። ዛሬ ብከፍት የለም። የሌላ ክፍል ደብዳቤ ደግሞ ተበላሽቶ በውስጡ የእኔን ስሞች አገኙበት። እኔ የሰው ደብዳቤ አልነካሁም» አሉኝ።

«እትዬ፣ አልነኩም። ማሽኑ ነው» አልኋቸው፤ ያን ጊዜ ግን እንዴት እንደ ሆነ ገና አላወቅሁም ነበር።

ዝርዝሩ የተፈናቀሉ ቤተ ሰቦች ስም ነበር። ስሙ የጠፋ ቤተ ሰብ በዚያ ሳምንት ከዕደላው ሊቀር ይችል ነበር፤ እኒያም ሴት ያስጨነቃቸው ይኸው እንጂ የኮምፒዩተሩ ነገር አልነበረም። ሌሊቱን ነገሩን ስከታተለው ያገኘሁት እንዲህ ነው። ዲስኩ የተዘጋጀበት የፋይል ዓይነት ላፕቶፑ በቀጥታ የሚያውቀው ስላልነበረ፣ በመካከል ሆኖ የሚያስተረጉም ፕሮግራም ነበረ። ያ ፕሮግራም ለኔትዎርኩ የሚያቀርበው የፋይሉን ቁጥር በትክክል፣ የትውልድ ቁጥሩን ግን ሁልጊዜ 1 አድርጎ ነው። ሴትዮዋ ዝርዝሩን ከፍተው እየሠሩ ሳሉ፣ በሌላ ክፍል ያለ ሠራተኛ «አሮጌ ነው» ብሎ ፋይላቸውን ከማውጫው ሰረዘው፤ ወዲያውም አዲስ ደብዳቤ ፈጠረ። የተለቀቀው ቁጥር ለደብዳቤው ተሰጠ። ሴትዮዋ ሲያስቀምጡ፣ ማሽናቸው በያዘው መያዣ መጣ፤ ቁጥሩ ተስማማ፤ ትውልዱም 1 ከ1 ጋር ተስማማ። ሰርቨሩም ስሞቹን በደብዳቤው ላይ ጻፈ።

አንድም የስሕተት መልእክት አልወጣም። ቁጥር 70 ወጥቶ ቢሆን ኖሮ እኒያ ሴት በዚያው ደቂቃ ጮኸው ሰው ይጠሩ ነበር። ዝርዝሩን በመጨረሻ መልሰን ያገኘነው ከወረቀቱ ነው፤ እርሳቸው በኮምፒዩተር ብቻ የማያምኑ ሆነው በእጅ የጻፉትን አልጣሉትም ነበር።

ኤን ኤፍ ኤስ ራሱ እንዲህ ያለውን ነገር ከመጀመሪያ በከፊል አስቦበታል። አንድ ደንበኛ ራሱ ከፍቶ የያዘውን ፋይል ራሱ ቢሰርዝ፣ ማሽኑ ፋይሉን በእውነት አይሰርዘውም፤ «.ኤንኤፍኤስ» በሚል መነሻ ሌላ ስም ሰጥቶ ይደብቀውና ሲዘጋ ያጠፋዋል። ይህ ዘዴ ግን የሚያገለግለው ከፋቹና ሰራዡ አንድ ማሽን ሲሆኑ ነው። በወልድያው ቢሮ ሁለት ማሽኖች ነበሩ፤ እዚያ ከትውልድ ቁጥሩ በቀር የሚያድን አልነበረም።

የትውልድ ቁጥሩ ራሱም ቢሆን ወዲያው ጎልማሳ አልሆነም። መያዣው ፋይል ለማግኘት የሚበቃ ቁልፍ ስለ ነበረ፣ ያን ቁልፍ ገምቶ መሥራት የቻለ ሰው ማንም ሳይፈቅድለት ወደ ሰርቨሩ መግባት ይችል ነበር። አዲስ የተዘጋጀ ዲስክ ላይ ደግሞ የአይኖዶቹ ትውልድ በቀላሉ የሚገመት ነበር። በዚህም ምክንያት ሰን በዲስኩ ላይ ያሉትን የትውልድ ቁጥሮች ሁሉ በዕጣ የሚያድል ኤፍኤስአይራንድ የተባለ ፕሮግራም አወጣ፤ ሰርት የተባለው የኮምፒዩተር ደኅንነት ማእከልም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1991 ይህንኑ የሚመለከት ማስጠንቀቂያ አሰራጨ። ፋይልን ከፋይል ለመለየት የተፈጠረ ቁጥር ሌባን ለመከልከልም ተፈለገ ማለት ነው። አንድ ነገር ሁለት ሥራ ሲሰጠው ብዙ ጊዜ ሁለቱንም አሳንሶ ይሠራል፤ እዚህ ግን ዕጣው ለሁለቱም ጠቀመ።

እንዴት ለሁለቱም እንደ ጠቀመ ላስረዳ፤ ምክንያቱም ዲስክን ከመጠባበቂያ ቅጂ ለሚመልስ ሰው ሁሉ ይህ ቦታ የሚያሰጋ ነው። አንድ አይኖድ ትውልዱ 7 ሳለ የዲስኩ ሙሉ ምስል ተወስዶ ተቀመጠ እንበል። ከዚያ ፋይሉ ተሰረዘ፤ ትውልዱ 8 ሆኖ አዲስ ፋይል ገባ፤ አንድ ደንበኛም የ8ኛውን መያዣ ያዘ። በማግሥቱ ዲስኩ ተበላሸና ከምስሉ ተመለሰ። አሁን ትውልዱ እንደገና 7 ነው። ፋይሉ በሌላ ጊዜ ሲሰረዝ ቆጠራው ወደ 8 ይወጣና ፈጽሞ ሌላ የሆነ ፋይል ይገባበታል። ያ ደንበኛ አሁንም «8» ብሎ ቢመጣ ሰርቨሩ ያስገባዋል። ቆጣሪው ወደ ኋላ ስለ ተመለሰ ያለፈው ዘመን ሁለት ጊዜ ተኖረ። ትውልዱ በተራ በመቆጠር ፈንታ ከ32 ቢት በዕጣ የሚወጣ ከሆነ ግን፣ ሁለቱ የመገጣጠማቸው ዕድል ከ4,294,967,296 አንድ ነው። ዛሬ በሊኑክስ የምንጠቀምባቸው ዋና ዋና የፋይል ሥርዓቶች ዕጣን የሚመርጡት በከንቱ አይደለም። ፋይሎቹን አንድ በአንድ እየገለበጡ መመለስ ደግሞ አዲስ አይኖድ ስለሚያሰጥ፣ አሮጌ መያዣዎች ሁሉ ውድቅ ይሆናሉ፤ ያስቸግራል እንጂ አያሳስትም።

ቆጣሪ ሲሞላ ወደ መነሻው መመለሱንም የእኛ ሊቃውንት ያውቁት ነበር። በባሕረ ሐሳብ የጨረቃው 19 ዓመትና የፀሐዩ 28 ዓመት ተባዝተው 532 ዓመት ይሆናሉ፤ ዐቢይ ቀመር የሚባለው ይህ ነው። ዛሬ ዓመተ ምሕረት ስንል ከልደተ ክርስቶስ የሚቆጠረውን ማለታችን ነው፤ በመካከለኛው ዘመን በተጻፉ ብራናዎች ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ዓመተ ምሕረት በዚህ በ532 ዓመት ዙር ውስጥ ያለው ቁጥር ነው። አንደኛው ዙር በእኛ አቆጣጠር በ1341 ጀመረ። በብራና ላይ «በ100 ዓመተ ምሕረት» የሚል ቢገኝ፣ በዚያ ዙር 1440 ዓ.ም. ማለት ነው፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የነገሡበት ዘመን። በቀደመው ዙር ግን 908 ዓ.ም.፣ በተከታዩ ዙር 1972 ዓ.ም. ይሆናል። ጸሐፊው የንጉሡን ስም ካልጨመረ፣ የታሪክ ተመራማሪው በፊደሉ ቅርጽና በብራናው ዕድሜ ከመገመት ሌላ መንገድ የለውም። ጸሐፊዎቹ የንጉሡን ስምና የወንጌላዊውን ዘመን አብረው የሚጽፉት ሥርዓት ሆኖባቸው ብቻ አይመስለኝም፤ ቁጥሩ እንደሚመለስ ያውቁ ነበር።

የ532 ዓመት ዙር ለሰው ዕድሜ ረጅም ነው፤ የኮምፒዩተር ቆጣሪ ግን በፍጥነት ይሞላል። የዊንዶውስ ኤንቲ የፋይል ሥርዓት የሆነው ኤን ቲ ኤፍ ኤስ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲወጣ፣ ፋይሉን በ48 ቢት የመዝገብ ቁጥርና በ16 ቢት ተከታታይ ቁጥር እንዲለይ ተደርጓል፤ የሁለተኛው ሥራ የትውልድ ቁጥር ሥራ ነው። 16 ቢት ከ65,536 በኋላ ወደ መነሻው ይመለሳል። ለተራ የቢሮ ፋይል ይበቃል፤ በየሴኮንዱ ጊዜያዊ ፋይል ለሚፈጥርና ለሚሰርዝ ፕሮግራም ግን እንዲህ ያለ ቆጣሪ ጠባብ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቁጥርን ጨርሶ ላለመመለስ የመረጡም ነበሩ። አፖሎ የተባለው ኩባንያ በዶሜይን ሥርዓቱ ለእያንዳንዱ ነገር ከተፈጠረበት ጊዜና ከፈጠረው ማሽን ቁጥር የተሠራ የ64 ቢት መለያ ይሰጥ ነበር፤ ጊዜ ወደ ኋላ ስለማይሄድ ሁለት ነገር አንድ መለያ አያገኝም። በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ኤ ኤፍ ኤስ ደግሞ የክምችቱን ቁጥር፣ የፋይሉን ቁጥርና «አንድዬ አድራጊ» የሚሉትን ሦስተኛ ቁጥር አጣምሯል። ከሦስት ሌላ አላስፈለገውም፤ በዚህም ከሰን ሰዎች ጋር በአንድ ሐሳብ ላይ ተገናኝተዋል።

ኤን ኤፍ ኤስ ሦስተኛው ዕትም እ.ኤ.አ. በ1995 ሲወጣ መያዣው እስከ 64 ባይት እንዲሆን ተፈቀደ፤ አራተኛው ዕትም እስከ 128 ባይት አደረሰው። በአራተኛው ዕትም ግን የተለወጠው መጠኑ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2000 በአር ኤፍ ሲ 3010፣ በ2003 በአር ኤፍ ሲ 3530 የታተመው ይህ ዕትም ሰርቨሩ ፋይል የከፈቱትን ደንበኞች እንዲመዘግብ አደረገ፤ የ1985ቱ ውሳኔ በዚህ ረገድ ተሽሯል። ሁለት ዓይነት መያዣም ለይቶ ዐወቀ፦ ጽኑ የሆነና ተለዋዋጭ የሆነ። የፋይል ሥርዓቱ የትውልድ ቁጥር መያዝ የማይችል ከሆነ፣ ሰርቨሩ «ይህ መያዣ ሊያልፍበት ይችላል» ብሎ አስቀድሞ ይናገራል፤ ሲያልፍበትም ደንበኛው በስሙ ፈልጎ አዲስ መያዣ ይወስዳል። ሐሰተኛ ጽናት ከማስመሰል አለመጽናትን ማሳወቅ ይሻላል የሚለው ሐሳብ በደንቡ ውስጥ የገባው ያኔ ነው።

ይህ ታሪክ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ በ1995 ዓ.ም. በ10 ክፍለ ከተሞች ስትዋቀር የቀበሌዎቹ ቁጥር በየክፍለ ከተማው እንደገና ተጀመረ፤ በኋላም ቀበሌ የሚለው ቀርቶ ወረዳ ሆነ። በአሮጌ የቤት ካርታ ላይ «ወረዳ 3» የሚለውና ዛሬ «ወረዳ 3» የሚባለው አንድ አይደሉም። በመዝገብ ቤት የሚሠሩ ሰዎች ይህን በልምድ ስለሚያውቁ «የድሮው ነው የአዲሱ?» ብለው ይጠይቃሉ። ኮምፒዩተር ግን እንዲጠይቅ ካልተሠራ አይጠይቅም። በክልላችንም የመሬት መዝገቡ ወደ ኮምፒዩተር ሲገለበጥ፣ የተከፈለ ይዞታ ቁጥር ለአዲስ ቁራሽ የሚሰጥ ከሆነ፣ ከቁጥሩ ጎን የሚቆመው ምልክት በዛሬው ፕሮግራም አዘጋጅ እጅ ነው።

ወደ ወልድያው ቢሮ ልመለስ። ዲስኩን ባዶ አድርገን፣ የትውልድ ቁጥርን ራሱ በዲስኩ ላይ በሚያስቀምጥ የፋይል ሥርዓት አዘጋጀነውና ፋይሎቹን አንድ በአንድ ገለበጥናቸው። በላፕቶፑ ላይ ባለው የማካፈያ ዝርዝር ውስጥም የፋይል ሥርዓቱን መለያ ለወጥሁት፤ ይህም ከድሮው ዲስክ የቀረ ማንኛውም መያዣ በሦስቱም ክፍሎች እንዳይስማማ ነው። ከዚያም ሴትዮዋ ባሉበት በሁለት ማሽኖች የሆነውን እንደገና አደረግሁት፤ በአንዱ ከፈትሁ፣ በሌላው ሰረዝሁ፣ አዲስ ፋይል ፈጠርሁ፣ በመጀመሪያው ማሽን ላይ «አስቀምጥ» የሚለውን ነካሁ። በስክሪኑ ላይ ጊዜው ያለፈበት መያዣ የሚለው መልእክት ወጣ።

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አድርገው ተጠጉ። ምን እንደሚል ጠየቁኝ፤ ተረጎምሁላቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ ይህን ቀድሞ ለምን አይልም ነበር?» አሉኝ።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ የጻፉትን የስም ዝርዝር አሳትመው በሰማያዊ አቃፊ አስገቡት፤ በአቃፊው ጀርባም ቁጥሩን፣ ከቁጥሩም ጎን 2014ን ጻፉበት።